ለፖስተሩ የተመረጠው ሠራተኛ

የቆርቆሮ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ደህንነት ያለውን ቁርጠኝነት ለማሳየት ፖስተር ሊያሠራ ተነሣ። ፎቶ የሚነሣ ሰው ሲፈለግ፣ ማሽን ላይ ያለ ሠራተኛ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ በር ጠባቂው ተጠራ። ሰውዬው ድሮ ቆርቆሮ ቆራጭ ነበር፤ ወደ ጥበቃ ከተዛወረ ሁለት ዓመቱ ነው።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ጥላዬ አስፈርመው አዲስ ሄልሜት፣ አዲስ ጫማና አዲስ ጓንት ሰጡት። የቀኙን ጓንት ግን የደህንነት ኃላፊዋ ወሰድ አድርጋ ትንሽ ነካካችና ራሷ አጠለቀችለት።

«በል እስቲ፣ አውራ ጣትህን ቀጥ አድርገህ ፈገግ በል» አለው ፎቶ አንሺው።

ፈገግ አለ።

«አቤት! እንዳንተ ቀጥ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ፎቶው እንዳለቀ ጋሽ ጥላዬ የፈረመበትን ወረቀት ይዘው ከተፍ አሉ።

«በል ጎበዝ፣ ሳይቆሽሽ መልስልኝ።»

ሄልሜቱንም ጫማውንም መለሰ። የቀኙን ጓንት ሲያወልቅ አውራ ጣቱ ቀጥ እንዳለ ጓንቱ ውስጥ ቀረ። ጋሽ ጥላዬ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ከውስጡ ድብልብል ጥጥ ጎትተው አወጡ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ከመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ነው» አለች ኃላፊዋ።

ሰውዬው ባለአራት ጣት እጁን ኪሱ ከተተ።

«መቼ ገዛችሁት? ያን ቀን ማሽኑ ጣቴን ሲቆርጠው እኮ ሳጥኑ ውስጥ ጥጥ የሚባል አልነበረም።»

«ትናንት» አለችው፣ ጥጡን ተቀብላ ወደ ሳጥኑ እየመለሰች፤ «ለፎቶው ነዋ!»