የእንግዳ ቤቱ ጭስ

«አውሊስ፣ የእንግዶቹ ቤት ጭስ ቆሟል» እላለሁ፣ ከመስኮቱ ሳልነቀል።

ባሌ የተቋጠረበትን የዓሣ ማጥመጃ ክር ሲፈታ ቀና አይልም። «ታዲያ ምን ይሁን? እሳት ሲበርድ ጭስ ይቆማል። ዕድሜሽን ሙሉ ያየሽው ነገር ነው።»

«አልበረደም። የለኮሱት ከምሳ በኋላ ነው። ፍሙ ገና የሚንቀለቀልበት ሰዓት ነው።»

ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፋለሁ። በእንዲህ ያለ ብርድ፣ ጭስ ባይኖር እንኳ፣ ከጋለ ምድጃ በላይ አየሩ ይርገበገባል፤ ከጣሪያው ጀርባ ያሉት ጥዶች ውሃ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። አሁን ጥዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም።

«ሂልካ፣ ተይ በናትሽ። አምና የተከራዩንን ጀርመኖች ረሳሻቸው? ‹አከራይዋ ሰተት ብላ ትገባለች› ብለው ኢንተርኔት ላይ ለዓለም ሁሉ ጻፉልን እኮ።»

እውነቱን ነው፣ ጽፈውብናል። የገባሁት የሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ምድጃ ላይ ፎጣ ሰቅለው እንዳይቃጠሉ ሰግቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ ካልጠሩኝ በቀር፣ ግቢውን ላላቋርጥ ምያለሁ። በእኛ ዘንድ እንግዳን ማክበር ማለት ዞር ብሎ አለማየት ነው። የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ጽፌ በሩ ጀርባ ለጥፌላቸዋለሁ፤ ሙቅ ውሃው እንዴት እንደሚከፈት፣ ቆሻሻው የት እንደሚጣል፣ ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ ምን እንደሚደረግ፣ ምድጃውም አለበት። የልጅ ልጆቼ «የአያታችን ፍርሃት፣ ሙሉ ዕትም» እያሉ ይስቁብኛል።

«ቅድም ደውላ ነበር፣ ስፔናዊቷ» ይላል አውሊስ። «ቤቱ አልሞቅ አለን ብላ።»

«ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? እንጨት አንድጂ፣ ከዚያ የጭስ መውጫውን ክዳን ግፊው፣ ሙቀቱ አያመልጥሽም አልኳት።»

«መቼ እንደምትገፋው ነገርካት?»

ክሩ ላይ ያለው እጁ ይቆማል።

እዚህ የተወለደ ልጅ ሁሉ፣ ፊደል ሳይቆጥር ገና፣ ፍሙ ጠቁሮ ሳይሞት ያ የክዳን ብረት እንደማይነካ ያውቃል። ቀድሞ ከተገፋ የፍሙ መርዝ ወደ ቤት ይመለሳል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሁሉም ስለሚያውቀው አውሊስ ለማንም ነግሮ አያውቅም።

«መቼም... መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው ማንቂያ አለ» ይላል፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

«ደውልላት።»

ይደውላል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም።

«ተኝተው ይሆናል» ይለኛል፤ ያለውን ራሱ ሰምቶት ከወንበሩ ይነሳል።

«አምቡላንስ ጥራና ተከተለኝ።»

መለዋወጫ ቁልፉን ይዤ ካፖርት ሳልደርብ እወጣለሁ። በረዶው እስከ ቅልጥሜ ነው። የእንግዳ ቤቱ በረንዳ ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ እሰማለሁ። ጢጥ፣ ጢጥ ይላል፣ እንደታፈነ ጫጩት። ከአግዳሚው ሥር፣ በልጅ የሱፍ ኮፍያ ተጠቅልሎ፣ ማንቂያው ተቀምጧል። ባትሪው ደክሞ ሲጮህ እንቅልፍ ነስቷቸው አውጥተውታል።

እጄ እንደ ልማዱ ያንኳኳል። በእጄ አፍሬ ቁልፉን አስገባለሁ።

ቤቱ ሞቋል። ሲመኙት የዋሉት ዓይነት፣ አጥንት የሚያላላ ሙቀት ነው። በሩን በርግጄ ትንፋሼን እይዛለሁ። ስፔናዊቷ ሮሲዮ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች፣ ጉንጯ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። ልጇ ኢኔስ ምድጃው ፊት ምንጣፉ ላይ ተጠቅልላለች፤ አንድ እግሯ ካልሲ የለውም። ብብቷ ሥር ገብቼ እጎትታታለሁ። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ እንደ አሻንጉሊት ነው የሚወድቀው። እንዴት እንደምትከብድ።

በረንዳው ላይ ሳወጣት ብርዱ እናቲቱን ቀስቅሷታል። «በሩን... በሩን ዝጊው» ትላለች በተሳሰረ ምላስ። «ልጄ ይበርዳታል።»

ትነሳለች፣ ትወድቃለች፣ በእንብርክኳ መጥታ በሩን ትገፋለች። እኔ እግሬን በመሐል አስገባለሁ። እኔ ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ፣ ሁለታችንም ስለ አንዲት ልጅ እንታገላለን።

«ልቀቂው የኔ ልጅ፣ ልቀቂው» እላታለሁ በራሴ ቋንቋ፤ እንግሊዝኛው ከራሴ ጠፍቷል።

አውሊስ እያለከለከ ይደርሳል። ሴትዮዋን ወገቧን ይዞ ያወጣታል። «ክዳኑን» እለዋለሁ፤ አፍንጫውን በክንዱ አፍኖ ይገባል። ብረቱ ሲሳብ ሲጥ ይላል። እሱም ወዲያው ይወጣል፣ ግድግዳውን ይዞ።

ሮሲዮ በረዶው ላይ ታስመልሳለች። በብርዱ አፏ ይጨሳል። የአውሊስም አፍ ይጨሳል፤ የእኔ ደግሞ ሽቅብ እንደሮጠ ፈረስ ነው። ልጅቷን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ጭኔ ላይ አድርጌአታለሁ። ከከንፈሯ ምንም አይወጣም።

«ተኝታ ነው?» ትላለች እናቷ፣ ወደኛ እየዳኸች። «ተኝታ ነው አይደል?»

አውሊስ የሆነ ነገር ሊል ሲል እጄን አነሳበታለሁ። የእኔ እንፋሎት የልጅቷን እንዳይሸፍንብኝ ትንፋሼን ውጬ ፊቴን ወደ ፊቷ አስጠጋለሁ።

ከትንሿ አፍ አንድ ቀጭን ነጭ ነገር ብቅ ይላል፣ ይበተናል። ትንፋሼን እንደዋጥኩ ነኝ። ሌላ ይከተለዋል።