ያልወለደችው ትል

ተመራማሪዋ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል በደስታ ጮኸች። "መካን ናት! በቃ፣ መካን አደረግኋት!" እንቁላል እንዲፈጠር የሚያዘው ዘረመል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የትሎችን ዘረመሎች አንድ በአንድ ስታጠፋ ከርማለች። አሁን ከክር ቁራጭ የማትበልጠው ትል ሆዷ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ውስጡ አንድ እንቁላል እንኳ የለም።

ደስታዋን የሚካፈላት ሰው ፍለጋ ዘወር ስትል ታላቅ እህቷ በሩ ላይ ቆማለች። ምሳ አብረን እንብላ ብላ የጠራቻት ራሷ ተመራማሪዋ ናት። እህቷ ከሐኪም ቤት በቀጥታ መምጣቷ ነበር፤ የምርመራውን ፖስታ ብብቷ ስር ሸጉጣዋለች። ተመራማሪዋ ያንን ቃል መልሳ መዋጥ ብትችል በወደደች።

"እትዬ... ስለ ትሏ እኮ ነው።"

"ሰማሁ። እንኳን ደስ አለሽ፣ ለፍተሽበታል። እስኪ ልያት" አለች እህቷ፣ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበሩን እየሳበች። ታናሺቱ ማስተካከያውን ልታዞርላት እጇን ዘረጋች። እህቷ ግን ራሷ አዞረችው፤ ጎንበስ ብላም ብዙ ቆየች። ትሏ ምንም እንዳልጎደለባት ወዲያ ወዲህ ትጥመለመላለች።

"ለምን እንደማትወልድ በእርግጥ ታውቂያለሽ?"

"አዎ" አለች ታናሺቱ።

"ታድላ" አለች እህቷ፣ ቀና ሳትል። "የእኔን ዛሬም አላወቁትም።"