ባለ ከረጢት ወይስ ያለ ከረጢት?

የአቧራ መምጠጫው ማሽን ሳሎን መሃል አንዴ አስነጠሰና እስከ ወዲያኛው ዝም አለ። ከረጢቱ ተቀዶ ነበር። በአንድ ወር የለቀመውን አቧራ በአንድ ትንፋሽ ሶፋው ላይ መለሰው። አዋላጇ ከእግር እስከ ራሷ ዱቄት መስላ ስትቆም ባሏ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያት።

«አዲስ ሳያስፈልገን አይቀርም» አለ።

ለሱ ይህም ረጅም ንግግር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ከጀርባው «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ስለኖረ ይሁን ከተፈጥሮው፣ እቤቱም ሲገባ ቃል የሚወጣው በመከራ ነበር። ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው። ሚስቱ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ የምታገኘው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሲቆጥር ነው። አንጀቷን ይበላት ነበር።

በማግስቱ ማሽን ሊያይ አደባባዩ ጋ ወዳለው የዕቃ መደብር ሄደ። አመሻሹ ላይ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ፊቱ ግን በርቷል።

«ገዛህ?»

«ምን አስቸኮለሽ? ጉዳዩ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። ባለ ከረጢት አለ፣ ያለ ከረጢት አለ። ሻጯ ልጅ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ከረጢት ያለው አቧራውን አፍኖ ይይዘዋል፤ እጅሽን ሳይነካ አውጥተሽ መጣል ነው። ብቻ ከረጢቱ ሲሞላ መሳቡ ይደክማል።»

አዋላጇ አፏን ከፍታ ሰማችው። በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ አቧራ ሆነ። ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፤ ጢሙን ይላጫል፤ ጫማውን ይወለውላል። ከዚያ «ማሽን አይቼ ልምጣ» ብሎ ይወጣል። ማታ ሲመለስ እግሩን ለብ ባለ ውኃ እየነከረ «ሻጯ ልጅ» እያለ ይጀምራል። ሻጯ ልጅ ይህን አለች፤ ሻጯ ልጅ ያን አሳየችኝ።

አንድ ቀን አዋላጇ ነገሩን ልትቋጨው ፈለገች።

«በቃ፣ ባለ ከረጢቱን ግዛ። እኔ አቧራ ያስለኛል።»

«አይደለም!» አለ ዓይኑ እያበራ። «ከረጢት ሲያልቅብሽ ምን ልትሆኚ ነው? ያለ ከረጢቱ ይሻላል። ማጠራቀሚያው እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ የጆሮ ጌጥሽን ቢውጥ እንኳ ወዲያው ታይዋለሽ።»

«እሺ፣ ያለ ከረጢቱን ግዛ።»

«ሲደፋ የሚቦነው አቧራስ? ፊልትሮውን ማን ያጥብልሻል? ጩኸቱስ?»

ትክ ብላ አየችው። ሰውየው ሆን ብሎ ነገር ይፈልጋታል። ያለችውን ሁሉ ያፈርሳል፤ ያፈረሰውን መልሳ ስትይዝለት ደግሞ እሱንም ያፈርሳል። ይባስ ብሎ ደስ ብሎታል!

የባሰው ግን ቅዳሜ መጣ። ለቁርስ ስትቀርብ ወንበር ሳበላትና «ይቀመጡ እስቲ፣ አንድ ነገር ላስረዳዎ» አለ።

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«ማንን ነው አንቱ የምትለው?»

«አምልጦኝ ነው» አለና ፊቱን ሻዩ ላይ ደፋ።

በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር አንቱ ያላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቤት ቁልፍ ጥላ ሦስት ቀን የተኳረፉ ጊዜ። አሁን ግን አልተጣሉም። ሳይጣሉ አንቱ መባል ከየት መጣ?

ለታናሽ እህቷ ስልክ ደወለች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ካፏ መርፌ ሳታወጣ ነው የምታወራው።

«አንቱ አለሽ? አበቃ በያ፣ እትዬ! ልቡ ሸፍቷል። ለአንድ መጥረጊያ ሦስት ሳምንት የሚመላለስ ወንድ የት አገር አለ?»

«ምን ላድርግ?»

«ሄደሽ ልጅቷን እያት።»

አዋላጇ ያን ቀን ሙሉ ፈርታ ዋለች። ዝም ቢልም፣ ቢያኮርፍም፣ ያ ሰው የሷ ነው። ቤቱን ያለሱ አስባው አታውቅም።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። ጥሩ ቀሚሷን ለበሰች፤ ከንፈሯን ቀባች፤ ትንሽ በዛ መሰላትና ጠረገችው። መደብሩ ሰፊ ነው። ማሽኖቹ ቧንቧቸውን ወደ ላይ ቀስረው በረድፍ ቆመዋል። ከባንኮኒው ኋላ ፈገግ ያለች ቆንጆ ልጅ ወጣች።

የአዋላጇ ዓይን እንደ ልማዱ ቀጥታ ወደ ሆዷ ወረደ። ሰባት ወር። አልፎም ይሆናል።

በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። ጡረታ ከወጣ ስምንት። እሷ ሥራ ውላ ስትገባ መስኮቱ ሥር ታገኘዋለች እንጂ፣ ቀኑን የት እንደሚውል መቼ አይታ ታውቃለች! አንዱን ማሽን ተደገፈች።

«ምን ልታዘዝ፣ እማማ?» አለች ልጅቷ።

እማማ! ይህ ደግሞ በቁስል ላይ ጨው ሆነባት። አንገቷን ቀና አደረገች።

«የአቧራ ማሽን ፈልጌ ነው» አለች፣ እያንዳንዱን ቃል በጥርሷ እየነከሰች። «ባለ ከረጢት ይሻላል ወይስ ያለ ከረጢት?»

ልጅቷ ሆዷን ደግፋ ከልቧ ሳቀች።

«ይህንንማ ከሳቸው ይስሙ፤ እኔንም በልጠውኛል» አለችና ወደ ጓዳው ዞረች። «ጋሼ! ደንበኛ መጥቷል!»

ከማሽኖቹ ጀርባ ቢጫ ሽርጥ የታጠቀ፣ ደረቱ ላይ «ተለማማጅ» የሚል ካርድ የለጠፈ ባሏ ብቅ አለ።