ቆዩ የምትለው መዳፍ

በሩ ገፋ ሲደረግ፣ ደንበኛ በስልክ እያነጋገረች የነበረችው ጥሪ ተቀባይ ዞር ሳትል መዳፏን አነሣች፤ ቆዩ ማለቷ ነው። ከቤት መሥራት ከጀመረች ወዲህ እናቷ ከፊቷ ይልቅ ይህችን መዳፍ ለምደዋል። የያዙትን ሻይ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ተመለሱ።

አራት ደንበኞች አስተናግዳ አምስተኛውን አነሣች። «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ምንም አልጎደለብኝም፣ ልጄ።» ድምፁ በማዳመጫውም በግድግዳውም በኩል መጣ። «ለሰው ስታወሪ አንደበትሽ እንዴት ይጣፍጣል! ለእኔም ቢደርሰኝ ብዬ፣ ሌሎቹ ጥሪ ተቀባዮች ሲያነሡ እየዘጋሁ፣ ይኸው አገኘሁሽ።»

ስክሪኗ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተራ ይጠብቃል። መዳፏ እንደ ልማዷ ተነሣች፤ ማንን እንደምታስቆም ግን ጠፋት።

«መስመር ላይ ይቆዩ፣ እማዬ» አለችና የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥታ ወደ ጓዳ ሄደች።