ጣሪያው ሲቆም

ሐኪሙ የአስናቀችን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቀኝ ካዞረው በኋላ ድንገት ወደ ኋላ አስተኛት። የፓርክላንድስ ሰፈሩ ክሊኒክ ጣሪያ እንደ እንዝርት ሾረ። «ወደቅሁ! ያዙኝ!» ብላ ጮኸችና እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች። እሱ ግን የሚርገበገቡ ዓይኖቿን እያየ ፈገግ አለ። በሕመሟ የሳቀባት መስሏት ክው አለች።

«ፖሌ እማዬ፣ አይዞሽ፤ ዓይንሽን አትጨፍኚ» አለች ልጇ ምርቃት፣ ስዋሂሊ ጣል እያደረገች የሐኪሙን እንግሊዝኛ እየተረጎመች። «ዕጢ አይደለም ይላል። ጆሮሽ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ተንሸራተው ነው፤ አሁን ይመልሳቸዋል።» ሐኪሙ ራሷን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረ፣ በጎኗ አስተኛት፣ ከዚያም ቀና አደረጋት። አስናቀች መሬቱ እስኪከዳት ጠበቀች። አልከዳትም። ደግማ በራሷ ፈቃድ ጋደም አለች፤ ጣሪያው ንቅንቅ አላለም።

ሐኪሙ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምርቃት ግን ሳትተረጉመው ወደ እናቷ ዞረች።

«ምን አለ?»

«ወደ ሥራሽ መመለስ ትችያለሽ አለ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። አስናቀች ራሴ ውስጥ ዕጢ በቅሏል፣ ልሞት ነው ብላ ኢስትሊ ሰፈር ያለውን፣ በስሟ የሚጠራውን ምግብ ቤቷን ሸጣ ትናንት ለገዢው አስረክባ ነበር።

«ስልኩን አምጪው» አለች አስናቀች፣ ከአልጋው እየወረደች። «ሰውየው ስሜን ከበሩ ላይ ሳያወርደው፣ ቤቱን እንዲመልስልኝ ልለምነው።»