የአርባ አጫሾች ክኒን

መባ ከአዲስ አበባ ወረታ የመጣው ለሦስተኛ ዲግሪው ጥናት ነው። ጥናቱ ከወደቀ ዲግሪውም የለም፣ ቃል የተገባለት የመምህርነት ቦታም የለም። ዕድሉ ሁሉ ያለው በአርባ አጫሾች ደም ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ አርባዎቹን እንደ ጉድ ይንቃቸዋል።

ቢንቃቸው አይፈረድበትም። የሩዝ መፈልፈያ ጫኝና አውራጆች ናቸው፤ አንድ ኩንታል ባወረዱ ቁጥር አንድ ሲጋራ ይለኩሳሉ። ሳላቸው ከመፈልፈያው ሞተር በላይ ይሰማል። ተው ሲሏቸው ይስቃሉ።

መባ ሰብስቦ አስረዳቸው።

«ጢሱ ደማችሁ ውስጥ ያለውን ስብ ያዝገዋል። የዛገው ስብ የደም ስራችሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ቀን ይዘጋዋል። ቫይታሚን ዝገቱን ይከላከል እንደሆነ ነው የማየው። ለሃያችሁ ቫይታሚን፣ ለሃያችሁ እሱን የሚመስል ባዶ ዱቄት እሰጣለሁ። ለማን ምን እንደደረሰ አይነገርም።»

«ዱቄት የደረሰውስ ሰው፣ ዶክተር?» አለ ሰጠኝ። የጫኞቹ አለቃ ነው፤ የመባ አባት እኩያ ይሆናል። ሁሉም ዶክተር ይሉታል። ገና ዶክተር አይደለም፤ ግን አላረማቸውም።

«ለሳይንስ ይውጣል።»

«ደም ስሩ ቢዘጋስ?»

«ማጨሱን ይተዋ!»

ሰጠኝ ዞር ብሎ ጓደኞቹን አየ። «በጠቅላላው ስንት ፍሬ ይሆን ለወሩ?»

መባ ሳቀበት። «አንተ የራስህን ሠላሳ ቁጠር። መቁጠር ከቻልክ።»

ክኒኑ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ በየስማቸው በብልቃጥ ይታደላል። ለሥራ እንኳ በሰዓቱ የማይደርሱት ሰዎች ለክኒኑ ግን አርባውም ተያይዘው ይመጣሉ፣ ተያይዘው ይሄዳሉ።

«ነፃ ነገር ሲያዩ እንዲህ ናቸው» አለ መባ ለነፃነት። ነፃነት በእደላው የምታግዘው ነርስ ናት። «ይፋግ ገበያ አውጥተው ይሸጡታል። በሱ ሲጋራ ይገዙበታል።»

«ኧረ እነሱስ እንዲህ አያደርጉም። እርስ በርሳቸው እኮ...»

«አንቺም ያገር ልጅ ነሽ፤ ትከላከይላቸዋለሽ።»

ሊይዛቸው ቆርጦ ተነሳ። በወሩ አጋማሽ ሳይታሰብ መፈልፈያው ቤት ደረሰና ብልቃጦቹን ሁሉ አስወጥቶ ቆጠረ። በእያንዳንዱ አሥራ አምስት ፍሬ። አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ። አላመነም፤ የዕለቱን ክኒን ፊቱ አስውጦ፣ አፍ አስከፍቶ፣ ምላስ አስነስቶ አየ። አርባ ትልልቅ ሰዎች ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ምላሳቸውን አሳዩት። እሱ አላፈረም። ይውጣሉ። ለጥናቱ የሚያስፈልገው ይኸው ነበር።

በስድስተኛው ወር ደም ተወሰደ። ቫይታሚን የተመደበላቸው ሃያዎቹ የስባቸው ዝገት ቀንሷል። መባ በደስታ ተነሳ። ቀጥሎ የዱቄቶቹን ወረቀት ገለጠ። የእነሱም ቀንሷል፣ ያውም በዚያው ልክ።

ተመልሶ ተቀመጠ። ደግሞ አሰላ፤ ያው ነው።

በኋላ ግን ገባው። አላዋቂ ሰው ዱቄት ሰጥተህ መድኃኒት ነው ብትለው ደሙ እንኳ ያምንሃል። ይህንኑ በሚያምር ቋንቋ ጻፈው፦ ቫይታሚኑ ለአጫሾች ከባዶ ዱቄት አይሻልም። መምህራኑ አጨበጨቡለት። ዲግሪውንም ቦታውንም አገኘ።

ወረታ የተመለሰው ውጤቱን ሊነግራቸው ነው። አሁን እውነተኛ ዶክተር ሆኗል፤ አነጋገሩም ያስታውቃል።

«ቫይታሚን ለእናንተ ከንቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል። ዱቄት የዋጠውም ቫይታሚን የዋጠውም ደሙ አንድ ነው፤ አስመርምሬ አረጋግጫለሁ።»

ሰጠኝ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መቸም አንድ ካልሆነማ ልፋታችን ከንቱ ነበር፣ ዶክተር፤ ጓደኛችን ዱቄት ሲውጥ ዝም ብለን አናይ ብለን፣ ያመጡልንን ብልቃጥ ሁሉ በየወሩ ቁርበት ላይ አፍሰን፣ ቀላቅለን፣ እንደ በሬ ቅርጫ እኩል መድበን ነው ስንካፈል የከረምነው።»