የዝንቧ ገጽ አዲስ ስም

«ዝንቧን አልሰጥም!» አለች ልጅቱ፣ ማውሱን በመዳፏ ሸፍና። «የሌላውን ገጽ ስም እንደፈለግሽ ቀይሪው። ዝንቧን፣ ሻማ የፈሰሰበትንና ጸሐፊው ያስነጠሰበትን ግን አትነኪያቸውም።»

ሥራውን የምትመራው ሴት አጠገቧ ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። የቢሮው ሰው «ሰረዝ» ይላታል፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም በፋይል ስም መሃል ሰረዝ ሳታስገባ እንቅልፍ ስለማይወስዳት። በማግስቱ የጥንቶቹ የብራና መጻሕፍት ከነፎቷቸውና ከተተየበው ንባባቸው ጋር ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ገጽ መለያ ማግኘት አለበት፦ የመጽሐፉ ፊደል፣ የቅጠሉ ማለትም የሉሁ ቁጥር፣ ከዚያ ፊት ወይም ጀርባ። ሌላ ነገር አይጨመርም።

«የኔ እህት፣ የማናውቀው ሰው ነገ ገጹን ፈልጎ ሲመጣ ‹ዝንቧ› ብሎ የሚጽፍ ይመስልሻል?» አለች ሰረዝ። «ደግሞ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ድረ ገጽም ያው ነው።»

«ስምን መልአክ ያወጣዋልም ይባላል።»

«ለዚህ ሁሉ ገጽ? መልአኩን በትርፍ ሰዓት ልቅጠረው እንዴ?»

ልጅቱ አልሳቀችም። ስሞቹን ያወጣው መልአክ ሳይሆን አባቷ ነው። እሷ ትምህርት ቤት ሳትገባ ጀምሮ እነዚህን ብራናዎች ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ በሁለት ቅጠል መካከል ተጨፍልቃ የደረቀችውን ዝንብ ያገኛት ቀን ቤት ገብቶ እራት እስኪቀዘቅዝ ስለሷ አውርቷል። አሁን ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን ይፈልጋል። ልጁን በአክስቷ ስም ይጠራል። ይህን ከእሷ በቀር ማንም አላወቀም፤ ወይም እንደዚያ ታምናለች። ጠዋት ጠዋት ከኋላው ቆማ የሚፈልገውን ገጽ ቀስ ብላ ትከፍትለታለች። የገዛ ስሞቹን ከተነጠቀ ሥራው ከእጁ ይወጣል ብላ ፈርታለች። ሥራው ከእጁ ከወጣ ደግሞ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይታያታል።

«ለምን ራሱን አትጠይቂውም? በቃሉ ነው የሚያውቃቸው» አለች፣ የገዛ ስሞቹን እንደማይረሳ ተማምና። «አባባ! እስቲ አንዴ ና፣ ዝንቧን ክፈትልን።»

አባቷ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተነስቶ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጣቱን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ የስሞቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ከዚያ ቀና ብሎ ክፍሉን ቃኘ፣ ጣሪያውን ሳይቀር።

«የቷን ዝንብ?» አለ።

ስሙ እኮ ከጣቱ ሥር ነበር። ልጅቱ በእጇ ስታሳየው አነበበና ፈገግ አለ።

«ማነው እንዲህ ያለ ስም ያወጣላት? መቼም ጨዋታ አዋቂ መሆን አለበት።»

ሰረዝ ወለል ወለሉን ስታይ ቆይታ፣ «ለጊዜው እንዳሉ እንተዋቸው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስት ገጽ ከደንብ ቢወጣ ሰማይ አይወድቅም።» ከልቧ ነበር። ሰረዝ ደንብ ስትሰብር ያየ ሰው ስለሌለ፣ ልጅቱን ይህ ከምንም በላይ አስደነገጣት።

አባቷ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አይደል?»

ልጅቱ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እህ... ሰሞኑን ስም ስም እየሸሸኝ ነው። አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ካወቅሁትስ ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ስትቆሚ ሽበቴን ልትነቅይ ነው ብዬ የማስብ መሰለሽ?»

እሷ ከሰው ስትደብቅለት፣ ለካ እሱም ከእሷ ይደብቅ ኖሯል። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

አባቷ ወደ ሰረዝ ዞረ። «አንቺ የምትፈልጊው የገጽ ስም እንዴት ነው የሚጻፈው?»

«ፊደል፣ ቁጥር፣ ከዚያ ፊት ወይም ጀርባ ነው፣ ጋሼ።»

«ፊደሉ መጽሐፉ ሽፋን ላይ ተለጥፏል። ቁጥሩ በእርሳስ ቅጠሉ ጥግ ላይ አለ። ታዲያ ይሄ ምኑ ይታወሳል? አይቶ መጻፍ ነው እንጂ። በሉ ቀይሩት።»

ሰረዝ አልተንቀሳቀሰችም፤ ልጅቱን ጠበቀቻት። ልጅቱ ማውሱን ራሷ ተጫነችው። ዝንቧ፣ ሻማውና ማስነጠሱ ባንድ ጊዜ ጠፉ፤ በቦታቸው ፊደልና ቁጥር ተሰለፈ።

አባቷ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ተከትላው ሄደች። የብራናውን መጽሐፍ በስፖንጅ ማስደገፊያው ላይ አመቻችታ የዝንቧን ቅጠል ገለጠችለት።

«ውይ!» ብሎ ሳቀ። «እይማ፣ ዝንብ! ይሄን ሁሉ ዘመን ከነክንፏ!»

«እውነትም ዝንብ!» አለች፣ አይታት እንደማታውቅ ሆና። አብራው ሳቀች፤ ሳቋ ግን የውሸት አልነበረም።

ጥጉን አየና ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ጣቱ «ለ-041-ፊ» ብሎ ጻፈ። ገጹ ተከፈተ። ከብራናው ማንበብ ጀመረ። ፊደሉ ደብዝዟል፣ ቀለሙ ተልጧል፤ እሱ ግን አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ ወረደው። ጨርሶ ቅጠሉን ገለበጠ።

ጀርባው ላይ ቁጥር አይጻፍም። ልጅቱ ልትነግረው አፏን ከፈተች። አባቷ የቅጠሉን ጥግ በጣቱ ቀና አድርጎ የፊቱን ቁጥር አጮልቆ አየና «ለ-041-ጀ» ብሎ ጻፈ። ገጹ ቀድሟት ተከፈተ።